ጥላም ጥምም የሚችል

የካቲት 2

ዛሬ ዶሮዎቼ ነጯን ገደሏት። ጭልፊት አይደለም፣ ሸለምጥማጥ አይደለም፣ በሽታም አይደለም። የገዛ ጓደኞቿ ናቸው። መኖ ይዤ ስገባ ከበዋት ጀርባዋን ሲነቁሩ ደረስኩ። ላባዋን ነቅለው ሥጋዋን ከፍተውታል፤ ገና ትንፈራገጣለች። በመጥረጊያ እንጨት ብበትናቸው ዞረው ተመለሱ፤ ምንቃራቸው ሁሉ ደም በደም ሆኗል። በስመ አብ! በእፍኜ እያበላሁ ያሳደግኳቸው እኮ ናቸው።

ነጯን አንገቷን ጠምዝዤ ገላገልኳት። እጄን ታጥቤ ከልጄ የድሮ የትምህርት ቤት ዕቃ መሀል ይህን ባዶ ደብተር አወጣሁ። የቱ ተክል እንደያዘ፣ የቱ እንደደረቀ ልጽፍበት ነው። ሌላ የምጽፈው ነገር የለኝም።

መኖ የሚያመጣልኝ ሰውዬ ምክንያቱን ነግሮኛል። «ሞቋቸዋል፣ ሥራ ፈትተዋል፣ መደበቂያም የላቸውም» አለ። እውነቱን ነው። የዶሮ ቤቴ በእኔ ቤት ጀርባና በጎረቤት ረጅም ግንብ መሀል የተወሸቀ ነው። ማደሪያቸው ቆርቆሮ፣ መዋያቸው በሽቦ የታጠረ ባዶ አፈር። ፀሐይ ለአፍታ ብቅ ብላ ትሄዳለች፤ ሙቀቱ ግን ይቀራል። ዝናብ ከረሳን ቆይተናል። ቧንቧውም ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይቀራል። «አረንጓዴ ነገር ትከዪላቸው፤ ቀኑን ሙሉ ዓይን ለዓይን መፋጠጡ ይቅርባቸው» ብሎኝ ሄደ።

የካቲት 5

ልጄ መጣ! ከልጅነቱ ጀምሮ ብየዳ ላይ ስላደገ ሰፈሩ «ብረቱ» ነው የሚለው። ሻንጣውንና የብየዳ መከላከያውን ይዞ በር ላይ ቆሞ ሳየው እልል ልል ምንም አልቀረኝ። «ትንሽ ልረፍ እማዬ» አለ። «ዕድሜ ልክህን እረፍ» አልኩት።

ማታ እህቱ ደወለች። የሚሠራበትን ጋራዥ ባለቤት በቧንቧ ብረት ክንዱን ሰብሮት ነው የተባረረው አለችኝ። ሰው የማይለው ነገር የለም። ባለቤቱም ቢሆን ምላሱ ረጅም ነበር አሉ።

የካቲት 9

ችግኝ ሻጯ መንገድ ዳር ጆንያ ወጥራ ከሥሩ ቁጭ ብላለች። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ከጥፍሯ ሥር አፈር የማይጠፋ ሴት ናት።

«ምን ልስጥሽ እማማ?»

«ጥላ የሚችል፣ ጥም የሚችል፣ ዶሮ የማይጨርሰው፣ ቢቀምሱትም የማይገድላቸው።»

«እንዲህ ያለ ባል ካገኘሽ ለእኔም ንገሪኝ» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«አንዱን ቀብሬያለሁ፤ ፍለጋውን ትቻለሁ» አልኳት።

ሳቃችን ሲያልቅ ቁም ነገር ገባች። ናናው ከውሃ መጠጫው ጎን ይሁን፤ የሚደፉትን ይጠጣል። የጥብስ ቅጠሉ ፀሐይ ብቅ በምትልበት በኩል ይሁን፤ ደግሞ ትልልቁን ውሰጂ፣ ዶሮ ሕፃን ችግኝ አያሳድግም። ሬት ስለሚመር አይነኩትም፤ ጥላ ሲበዛበት ይቀጥናል እንጂ ቶሎ አይሞትም። የስኳር ድንቹን ሐረግ ከሽቦው ውጪ ተክዪው፣ ሾልኮ የገባላቸውን ብቻ ይብሉ። ጉሎ እንዳትነኪ፤ ፍሬው መርዝ ነው። ሁሉንም ሥሩን በድንጋይ ክበቢው፣ እንዳይጭሩት።

ልሄድ ስነሳ ልብሴን ያዝ አደረገችኝ። «ቁጥቋጦውን ግንቡ ጥግ ላይ አትለጥፊው እማማ። የምትባረረዋ በአንድ በኩል ገብታ በሌላ በኩል መውጣት አለባት። አለበለዚያ እዚያው ጥጉ ላይ ነው የሚጨርሷት።»

የካቲት 13

ተከልን! ብረቱ ጉድጓዱን ቆፈረልኝ፤ ለሐረጉ ደግሞ ከቁርጥራጭ ፌሮ መወጣጫ በየደልኝ። እንዴት ያለ እጅ ነው! መጋጠሚያው እንኳ ጣት ሲሄድበት አይታወቅም። ሲሠራ እያፏጨ ነው። ላቡን በክንዱ ጠርጎ «እማዬ፣ ዶሮዎችሽ ከእኔ የተሻለ ቤት አገኙ» አለ። ሳቅኩ። አሁን ሳስበው እሱ አልሳቀም።

የካቲት 18

አውራ ጣቴ አብጧል። በር ያዘኝ። ዛሬ አልጽፍም።

የካቲት 19

እትዬ ጆሮ ከግንቡ ወዲያ ጠራችኝ። ጎረቤቴ ናት፤ ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፣ እንኳን ጩኸት ማንኪያ ሲወድቅ የምትሰማ ስለሆነች።

«ከትናንት ወዲያ ማታ ምን ወደቀ እህቴ?»

«ድስት።»

«ድስት ይጮሃል እንዴ?»

«የእኔ ይጮሃል» ብያት ገባሁ። ምን አገባት! ጆሮዋን ድፍን ያድርገው!

ምግቡ ጨው በዝቶበት ነበር። ቀምሼ ማቅረብ ነበረብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።

የካቲት 25

ናናው ይዟል። ሬቱ ጎንበስ ብሏል ግን አለ። የስኳር ድንቹን ሐረግ በሽቦው ቀዳዳ አንገታቸውን እያወጡ ልጠውታል። ከጥብስ ቅጠሎቹ አንዱ ደርቋል፤ ድንጋዩን ገፍተው ሥሩን ጭረውታል። በሌላ ልተካውና ሥሩን በትልቅ ድንጋይ ልከብበው ነው።

ግፉ ግን አልቆመም። ጠቆር ያለችው ትልቋ አለቃቸው ናት፤ ማን እንደሚበላ፣ ማን እንደማይበላ የምትፈርደው እሷ ስለሆነች «ዳኛዋ» ብያታለሁ። አሁን አንዲቷ ላይ ተነስታባታለች። አናቷን እስኪላጥ ስለነቆረቻት ያችኛዋን ደግሞ መላጣዋ አልኳት። ዛሬ ደም ሲወጣት ሌሎቹም ተጠራርተው መጡ። ከመሀላቸው ነጥቄ አወጣኋትና ካርቶን ውስጥ ኩሽና አስቀመጥኳት።

ብረቱ ሽታው አላስቀምጥ አለኝ ብሎ ካርቶኑን በእርግጫ አለው። እሷ ውስጡ ሆና ስትጮህ እኔ የጮህኩ መስሎኝ አፌን ያዝኩ።

መጋቢት 1

ጓሮውን ይፈልገዋል። ብየዳ ቤት ሊከፍትበት ነው። «ደንበኛ አለኝ፣ እጅ አለኝ፣ ቦታ ነው ያጣሁት፤ አንቺ ደግሞ ለዶሮ አትክልት ትተክያለሽ» አለ። መንገዱ ላይ ያለውን ክፍል ውሰድ አልኩት። አይሆንም፣ ጓሮው ነው የሚሰፋው። «ዶሮዎቹ ናቸው እኔንም አንተንም የሚያበሉን» አልኩት። እውነት ነው እንጂ ክፋት አልነበረውም። አነጋገሬ ግን ሸካራ ነው፤ ሁልጊዜም እንዲሁ ነኝ፣ ነገር ማለዘብ አላውቅበትም።

የሰው ሳህን ሲወድቅ መሬት ላይ ነው የሚሰበረው። የእኔው ከራሴ በላይ ግድግዳ ላይ ወድቆ ተሰበረ። ስባሪውን ከፀጉሬ ስለቅም አመሸሁ።

መጋቢት 3

ጉልበቴን ይዞ አለቀሰ። «እማዬ፣ እኔ እኮ ሰው አይደለሁም፤ ምን እንደሚነካኝ አላውቅም» አለ። ያን ሁሉ ቁመት ይዞ እግሬ ሥር ሲንሰቀሰቅ ፀጉሩን ዳበስኩለት። ድሮ ትኩሳት ሲይዘው እንዲህ ነበር የማደርገው።

ከሰዓት የጥላ መረብ ይዞ መጣና መዋያው ላይ ከዳር እስከ ዳር ወጠረልኝ። ክፉ ልጅ እንዲህ ያደርጋል?

መጋቢት 8

የመላጣዋ ቁስል ስለደረቀ መለስኳት። እግሯ መሬት ሳይነካ ዳኛዋ አናቷ ላይ ወጣች። ሌሎቹም አይተዋት እንደማያውቁ ተረባረቡባት። እኔ በመጥረጊያ፣ እነሱ በምንቃር። የማናችን ጩኸት እንደበለጠ እንጃ።

መኖ አምጪው ሰውዬ በዚያው ሰዓት ደረሰ። «ተሳስተሻል» አለኝ። «የምታወጪው የተነቆረችውን አይደለም፤ ነቋሪዋን ነው። የተነቆረችውን ስታወጪ ቤቱ ለነቋሪዋ ይጸናላታል፣ ያቺ ደግሞ ስትመለስ እንግዳ ናት። ይልቅ ይህችን ዱርዬ ለብቻዋ አስቀምጪያትና ስትመለስ እንግዳዋ እሷ ትሁን።»

ዳኛዋን በክንፏ ይዤ አሮጌ ቅርጫት ደፋሁባት። አሁንም ድረስ ከውስጥ እየተሳደበች ነው።

መጋቢት 12

ጉድ ነው! ዳኛዋ ከወጣች ወዲህ ጓሮው ሰላም ሆኗል። መላጣዋ ከጥብስ ቅጠሉ ሥር በአንዱ ገብታ በሌላው ትወጣለች፤ የሚያባርራት ሳይኖር እንኳ መንገዱን ትለማመዳለች።

ልጄ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። ሻሼን ሳስተካክል እጅጌዬ ተንሸራተተና ክንዴን አየችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«በር ነው።»

«እዚህ ቤት ስንት በር ነው ያለው እማዬ?»

እጅጌዬን መለስኩ። «ልብስሽን ሰብስቢና ነይ፤ እኔ ጋ ትኖሪያለሽ፤ ዛሬውኑ» አለች። «ዶሮዎቼስ?» ስላት ጨሰች። «ዶሮ ዶሮ አትበዪብኝ! አባቱን ነው የወጣው፤ ቁርጥ አባቱን!»

«አባትሽን ከመቃብሩ አታውጪብኝ» ብዬ ጮህኩባት። እያለቀሰች ሄደች። ለእሷ ያ ሁሉ ጩኸት አይገባትም ነበር።

ቤቱ እኮ የእኔ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ልብስ እየሰፋሁ ዓይኔን ያጠፋሁበት ቤት ነው። እኔ ለምን እወጣለሁ?

መጋቢት 14

ሬቱ ገርጥቷል። ናናው እንደ ክር ቀጥኗል። ቅጠሉን ቆርጬ ለችግኝ ሻጯ ወሰድኩላት።

«ምን አደረግሽው እማማ? ጥላ ይችላል አልኩሽ እንጂ ብርሃን አይፈልግም አልኩሽ?»

መረቡን ነገርኳት። «አንሺው ታዲያ!» አለች።

«ልጄ ነው የወጠረው።»

«ቢሆንስ?»

«እንዲያው... ጨለማም ቢሆን የሚችል ሌላ ተክል የለሽም?»

ዛሬ አልሳቀችም። «የሌለውን ከየት አመጣልሻለሁ» አለች፤ የቀጠነውን ቅጠል መለሰችልኝ።

ብረቱ ሲወጣ ጠብቄ በስፌት መቀሴ መረቡን እዚህም እዚያም በሳሳሁት፤ ቀና ብሎ ካላየ በቀር እንዳይታወቅ አድርጌ። በገዛ ጓሮዬ እንደ ሌባ ዙሪያዬን እያየሁ። ወይ ነዶ!

መጋቢት 16

ብረቱ ሸሚዙ ደም ለብሶ ገባ። አንድ ሾፌር መኪናውን አስጠግቶበት፣ ከመስኮቱ ጎትቶ አውጥቶት፣ አስፋልቱ ላይ በጭንቅላቱ... አልጽፈውም። «ቀለደብኝ» ነው የሚለው። ሸሚዙን ዘፍዝፌ ሳሽ ደሙ የእሱ እንዳልሆነ ገባኝ። እሰይ አልኩ። አፌ ነው ያለው። ያ ሾፌርም እናት አለችው ብዬ ሳስብ ግን እጄ ውሃው ውስጥ ቀረ።

መጋቢት 19

ጎኔ። ስስቅ። ሳስል። ናናውን ላጠጣ ጎንበስ ስል። አቧራው ነው፣ አየሩ ደርቋል።

አቧራ ጎን ይመታል እንዴ? ተዪው።

መጋቢት 21

አጎቱን ጠራሁት፤ የሟች ባሌን ታላቅ ወንድም። እንዲመክርልኝ ነው እንጂ ሌላ አላሰብኩም። ሁለቱ ሳሎን ተቀምጠው ሲያወሩ እኔ ኩሽና ሆኜ እሰማለሁ።

«እናት እኮ አንዲት ናት» ይላል አጎቱ።

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ምላሷ እንደሚያስቸግር እኔም አውቃለሁ። ወንድሜንም አበሳጭታዋለች። ግን ቻላት።»

ቻላት! እኔን ነው እንዲችለኝ የሚመክርልኝ! ሊሄድ ሲል ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ልጅ ነው፣ ሥራ ሲያገኝ ይተወዋል፤ አንቺም ዝም ማለት ልመጂ» አለኝ። ፂም የወጣበት፣ እኔን በአንድ እጁ የሚያነሳ ልጅ። እግዜር ያሳይህ አልኩት በሆዴ።

ግን ምናልባት ዝም ብል ይሻል ይሆናል።

መጋቢት 23

ዳኛዋን መለስኳት። አንገቷን ደፍታ ገባች! አንዷ ነቆር ስታደርጋት ሸሽታ ሬቱ ሥር ተወሸቀች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ብርሃን ካገኙ ወዲህ ተክሎቹ ነፍስ ዘርተዋል። ሐረጉ የመወጣጫው ጫፍ ደርሷል፤ የተካሁት ጥብስ ቅጠል ሥር ይዟል። ሽቦው አጠገብ በርጩማ አድርጌ ዶሮዎቼ ጥላው ውስጥ አፈር ሲታጠቡ አየሁ። ማንም ማንንም አልነካም። እትዬ ጆሮ መሰላል ላይ ወጥታ ከግንቡ በላይ ብቅ አለችና «እንኳን ደስ አለሽ፣ ግቢው ውስጥ አንዱ ወገን ሰላም አገኘ» አለችኝ። ስድብ ይሁን ምርቃት አልገባኝም።

መጋቢት 27

ብረቱ አንድ ሰውዬ ይዞ መጥቶ ጓሮውን በሜትር ያስለካ ጀመር። «ይሄ ይነሳል፣ ያ ይፈርሳል» ይላል፣ እኔ እዚያው ቆሜ። ደሜ ፈላ። ዝም በይ ያለኝን ሁሉ ረሳሁት። «ወንድሜ» አልኩት ሰውዬውን፣ «ቤቱም ጓሮውም የእኔ ነው። የሚነሳም የሚፈርስም የለም። ልጄ አፍ እንጂ መሬት የለውም።»

ሰውዬው ሜትሩን ጠቅልሎ ወጣ። ብረቱ አልጮኸም። ፈገግ ብሎ አየኝና «እሺ እማዬ» አለ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ሚያዝያ 1፣ ሆስፒታል

ልጄ ደብተሬን አመጣችልኝ። አላነበብኩትም አለች፤ ዓይኗ ግን አባብጦ ነው የመጣችው።

ቀስ ብዬ ልጻፈው። ያን ሰውዬ ባባረርኩ ማግስት እንቁላል ላደርስ ወጣሁ። ቀትር ላይ ስመለስ ከበር ጀምሮ የተቃጠለ ብረት ሽታ ተቀበለኝ። ሥራ አግኝቶ ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ አይ ሞኝነት! ጓሮ ስገባ መዋያው ጭር ብሏል። መረቡ ተቀዳዶ ወርዷል፣ ሬቱ ተረግጧል፣ የስኳር ድንቹ ሐረግ ከነሥሩ ተነቅሎ ተጥሏል። ዶሮዎቹን እያሯሯጠ ቆርቆሮው ማደሪያ ውስጥ አጉሯቸው የብረት በሩን ዙሪያውን በይዶታል። በይዶታል! በዚያ ፀሐይ! መጋጠሚያው ገና ይጨሳል። መጀመሪያ ከውስጥ ይጮሁ ነበር፤ ኋላ መጫር ብቻ ሆነ።

የራሱን የቆርቆሮ መቀስ አንስቼ ጎኑን መቅደድ ያዝኩ። ቆርቆሮው እጄን ይቆርጣል፣ እኔ ቆርቆሮውን እቆርጣለሁ። ስከፍተው ሙቀቱ ፊቴን ለበለበው። በሩ ሥር አፋቸውን እንደከፈቱ ተደራርበው ሞተዋል። ዳኛዋ ከሁሉም በላይ ናት፤ ሌሎቹን ረግጣ በሩ ላይ ወዳለችው ትንሽ ቀዳዳ ልትደርስ ስትል ነው ያለቀላት። ያን ሁሉ ጊዜ የጠላኋት ዶሮ፣ ሳያት እንባዬ መጣ።

የተረፉት እሱ መያዝ ያቃተው ናቸው። ጥብስ ቅጠሉ ሥር ገብተው በአንዱ ሲያባርራቸው በሌላው ወጥተውበታል። መላጣዋ ከእነሱ አንዷ ናት። ክንዱ ከላይ እስከ ታች ተቧጭሯል።

እሱ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። የብየዳ መከላከያውን ወደ አናቱ ገፍቶ በትልቁ ጆግ ውሃ ይጠጣል። ቀስ ብሎ፣ ጉሮሮው ከፍ ዝቅ እያለ።

«አሁን ቦታ አለን» አለኝ።

«ውሃ እንኳ ብትተውላቸው ምን ነበረበት?» አልኩት። ከዚያ ጮህኩ። «ከቤቴ ውጣልኝ! ውጣ! ዛሬውኑ ውጣልኝ!» ከወለድኩት ጀምሮ እንዲህ ብዬው አላውቅም።

ጆጉን አስቀምጦ ተነሳ። ከዚያ ወደቅኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ልጄ ናት የነገረችኝ። እትዬ ጆሮ መሰላሏ ላይ ሆና አይታ ሰፈሩን በጩኸት ቀወጠችው። ጎረቤት በሩን ሰብሮ ገብቶ ከላዬ ላይ አነሳው። ፖሊስ ይዞት ሄደ። መንጋጋዬ ተሰብሯል፤ የላይና የታች ጥርሴን በሽቦ አስረው አንድ ላይ ዘግተውታል። የማወራው በጥርሴ መሀል፣ የምመገበው በቀጭን ቱቦ ነው።

ነርሷ ስትጠይቀኝ ወደቅኩ አልኳት።

«ከየት?»

«ከዶሮ ቤት ጣሪያ።»

«በዚህ ዕድሜሽ ጣሪያ ላይ ምን ትሠሪያለሽ እናቴ?»

«ሐረግ ሳስተካክል።»

አንገቷን ነቅንቃ ሄደች።

ሚያዝያ 4

ፖሊስ ቃሌን ሊቀበል መጣ። ወደቅኩ አልኩት። ልጄ ግድግዳውን በቡጢ መታችው፤ በዚህ ቤተሰብ ግድግዳም አላረፈም።

«ስሚኝ እማዬ» አለች ኋላ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጣ። «እትዬ ያየችውን ተናግራለች። ግን የተመታሽው አንቺ ነሽ። አንቺ ወደቅኩ ካልሽ ሰኞ ይለቁታል። ሲለቁት የት እንደሚመጣ ታውቂያለሽ አይደል?»

አውቃለሁ። ሌላ የት ይሄዳል?

«በሚቀጥለው የምቀብረው አንቺን ነው።»

እጇን ያዝኩት። ልክ ናት። ልክ መሆኗን አውቃለሁ፤ አፌ ግን እምቢ አለኝ። ልጄ ነው እኮ። እዚያ መሬት ላይ ነው የሚያስተኟቸው ይባላል። ማን ምን ያበላዋል?

ሚያዝያ 6

ከሆስፒታል ወጣሁ። ቤቴ ገባሁ፤ ልጄም አብራኝ አለች። ናናውን ያጠጣው ስላልነበረ ጥም ገድሎታል። የተረገጠው ሬት ግን ቀና ብሏል። የተረፉት ዶሮዎች ውሃ ሲያዩ ተሯሩጠው ከበቡኝ። በብየዳ የተዘጋው በር እንደተዘጋ ነው።

ነገ እሑድ ነው፤ ፖሊስ ጣቢያ ጠያቂ የሚገባበት ቀን።

ሚያዝያ 7

ጠዋት ሩዝ ቀቀልኩ። እንቁላል ጠብሼ ከላይ አደረግኩበት፤ አስኳሉ እንዳይደርቅ ተጠንቅቄ።

«ለማን ነው?» አለች ልጄ።

«ለሚበላው።»

«እማዬ!»

«በረሃብ እንዲቀጣ ነው የምትፈልጊው?»

ወንበር ላይ ተቀምጣ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። አልተከተለችኝም። ምሳ ዕቃውን በፎጣ ጠቅልዬ ወጣሁ። ሐሳቤን ጨርሻለሁ፦ ምግቡን እሰጣለሁ፣ ወደቅኩ ያልኩት ላይ እፈርማለሁ፣ ነገ ይፈታል፣ እንግዲህ እግዜር ያውቃል።

ጣቢያው በር ላይ ረጅም ሰልፍ አለ፤ ሁሉም ምሳ ዕቃ ይዟል። ፊት ለፊት አንድ ሸምገል ያለ ፖሊስ ጠረጴዛ ላይ ክዳን እየከፈተ ማንኪያ ያቀብላል። ደንቡ ነው አሉኝ፤ መርዝ እንዳይገባ ያመጣው ሰው ቀድሞ ይቀምሳል። ከፊቴ ያሉት እየቀመሱ አለፉ። ይህን አላውቅም ነበር። እስር ቤት ልኬ የማውቀው ሰው የለኝም።

ተራዬ ደረሰ። ክዳኑን ከፈተው፤ እንፋሎቱ ወጣ።

«ይቅመሱ እማማ።»

«አልችልም።»

«ሁሉም ሰው ይቀምሳል። ካልቀመሱ አይገባም።»

ማንኪያውን ወደ አፌ አስጠጋው። ሻሼን ከአገጬ አወረድኩና ከንፈሬን ገለጥኩለት። ሽቦውን አየው። ማንኪያው አየር ላይ ቀረ።

«ማነው እንዲህ ያደረገዎት?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ወደቅኩ ልለው ነበር። በር ነው፣ ድስት ነው፣ አቧራ ነው፣ ጣሪያ ነው ስል የከረምኩ ሴት ነኝ፤ አንድ ልጨምር ምን ይገደኛል? ሩዙን አየሁት። በእጄ ሠርቼ አንዲት ፍሬ መዋጥ የማልችለውን ምግብ። ተናደድኩ። በእሱ ይሁን በራሴ አላውቅም።

«ይህን ምግብ የሚበላው ነው» አልኩት በጥርሴ መሀል።

ያልሰማኝ መስሎኝ ደገምኩለት፤ ሰልፉ ሁሉ እንዲሰማ። «ልጄ ነው። ልጄ ነው የመታኝ።»

ሽማግሌው ከሩዙ በማንኪያው ጫፍ ቆንጥሮ ራሱ ቀመሰልኝ፣ ዋጠው፣ ክዳኑን ገጠመ። መርማሪዋ ያለችበትን ክፍል በእጁ አሳየኝ። ቃሌን ልሰጥ ከመግባቴ በፊት ግን ምግቡን ቶሎ እንዲያስገባለት ለመንኩት፤ ሩዝ ሲቀዘቅዝ አይወድም።